ችግር የወለደው ፍላጎት ጥሪ ይባላልን?

በኢትዮጵያ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ አሥራ አንደኛ ሲገባ ከሁለት መንገድ አንዱን ይይዛል፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ። በተማሪው አፍ «ናቹራል» እና «ሶሻል» ይባላሉ። ናቹራል የገባው ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይዞ ይቀጥላል፤ ሶሻል የገባው ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ። ልጁ ዕድሜው አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ቢሆን ነው። ምርጫው በቅጽ ላይ በምትደረግ አንዲት ምልክት ያልቃል፤ ሐኪም ወይም መሐንዲስ የመሆን በር ግን የሚከፈተውም የሚዘጋውም በዚያች ምልክት ነው።

ምልክቷ ከሁሉም እጅ አንድ ዓይነት ብትሆንም የምትናገረው ይለያያል። አንዱ ልጅ በማይክሮስኮፕ ያየው የሽንኩርት ልጣጭ፣ እንደ ጡብ የተደረደሩት ሴሎች፣ ከዓይኑ አልጠፋ ብሎት ናቹራል ይላል። ሌላው «ጎበዝ ተማሪ ናቹራል ይገባል» የሚለውን ያልተጻፈ ሕግ ፈርቶ፣ ሶሻል ብገባ ሰነፍ እባላለሁ ብሎ ይመርጣል። አንዷ እናቷ በወሊድ ስትሰቃይ አይታ ሐኪም ለመሆን ቆርጣለች። አንዱ ደግሞ ሙያው ደህና ደመወዝ እንዳለው፣ ውጭ አገርም እንደሚያስሄድ ከጎረቤት ሰምቷል። ቅጹ አራቱንም እኩል ይቀበላል። ፍልስፍናና ሃይማኖት ግን ቅጹ የማይጠይቀውን ይጠይቃሉ። ልጁ ሳይንስን የሚፈልገው ስለ ሳይንስ ብሎ ነው ወይስ ስለሚያስገኝለት? ስለሚያስገኘው ከሆነ ያ ፍላጎት ጥሪ ሊባል ይችላል?

ጥያቄው የኢትዮጵያ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ስቬይን ሾበርግና ካሚላ ሽራይነር «ሮዝ» የተባለውን ጥናት መርተው ወደ 40 በሚጠጉ አገሮች ዕድሜያቸው 15 ዓመት ገደማ የሆኑ ተማሪዎችን ጠይቀዋል። ከቀረቡት ዓረፍተ ነገሮች አንዱ፣ ተማሪው ሳይንቲስት መሆን እንደሚፈልግ የሚናገር ነው፤ ልጁ መስማማቱን ወይም አለመስማማቱን በአራት ደረጃ ያመለክታል። ውጤቱ ብዙ ሰው ከጠበቀው ተቃራኒ ሆነ። በኡጋንዳ፣ በጋና፣ በባንግላዴሽ ልጆቹ እጅግ ይፈልጋሉ፤ በኖርዌይ፣ በጃፓን፣ በእንግሊዝ ብዙዎቹ አይፈልጉም። አገሪቱ በበለፀገች ቁጥር ሳይንቲስት መሆን የሚሻ ልጅ ያንሳል። በበለፀጉት አገሮች የሴቶቹ ፍላጎት ከወንዶቹም ዝቅ ይላል። ቤተ ሙከራ የሞላበት አገር ልጅ ፊቱን ሲያዞር፣ በአንድ መጽሐፍ ሦስት ሆኖ የሚማረው ልጅ ይቋምጣል።

ይህን በሁለት መንገድ መፍታት ይቻላል። አንደኛው ፍቺ የድሃ አገር ልጅ የሚፈልገው ሳይንስን ሳይሆን ከድህነት መውጫ መሰላሉን ነው ይላል። መሰላሉ ሌላ ቢሆን ኖሮ ሌላውን ይመርጥ ነበር፤ የጠገበ አገር ልጅ ግን መሰላል ስለማያስፈልገው እውነተኛ ዝንባሌውን ይከተላል። ሁለተኛው ፍቺ፣ ውኃ ከሩቅ ቀድታ የምታመጣ ልጅ የውኃ ምሕንድስና ለምን እንደሚጠቅም የሚነግራት አያስፈልጋትም፣ ትርጉሙን በጀርባዋ ታውቀዋለች ይላል። የመጀመሪያው ፍቺ በተማሩ ሰዎች ዘንድ ይዘወተራል። የተሸከመው ንቀት ግን ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም።

የንቀቱ ሥር ጥንታዊ ነው። አርስጣጣሊስ «ሜታፊዚክስ» በተባለው ሥራው መግቢያ ላይ ሰው በተፈጥሮው ማወቅን ይሻል ካለ በኋላ ዕውቀትን በደረጃ ይከፋፍላል። ለኑሮ የሚያስፈልገው ጥበብ ቀድሞ ተገኘ፤ ለጥቅም ያልሆነው፣ ላዕላይ የሚባለው ዕውቀት ግን ሰዎች ፋታ ባገኙበት ቦታ ተወለደ። ሒሳብ በግብጽ የጀመረው የካህናቱ ወገን ፋታ ስለነበረው ነው ይላል። በዚህ ሚዛን ከሄድን እናቷ ስለታመመች ሐኪም መሆን የምትሻው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። ከእርሱ በፊት የነበረው ሄሮዶቱስ ግን ስለዚያችው ግብጽ ሌላ ታሪክ ጽፏል። የአባይ ሙላት በየዓመቱ የማሳውን ወሰን ስለሚያጠፋ፣ ግብሩም በመሬቱ መጠን ስለሚከፈል፣ መሬት መለካት ግድ ሆነ፤ ጂኦሜትሪም ከዚያ ተገኘ። ያ ሙላት የኢትዮጵያ ደጋ የክረምት ዝናብ ነው። ከሁለቱ የትኛው በታሪክ ትክክል እንደሆነ ማከራከሩ አይቀርም፤ ለዚህ ጉዳይ የሚበቃው ግን ከችግር የተነሳ ጥያቄ ንጹሕ ዕውቀት ላይ ሊያደርስ እንደሚችል ከጥንትም የታሰበ መሆኑ ነው።

ለጉዳዩ የተሻለ ሚዛን የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1111 ካረፉት ከኢማም አል-ገዛሊ ነው። «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ታላቅ ሥራቸው ዕውቀትን ሲከፍሉ፣ ሕክምናንና ሒሳብን ፈርድ ኪፋያ ከሚባለው ወገን ያደርጓቸዋል። ፈርድ ኪፋያ በማኅበረሰቡ ላይ በጋራ የተጣለ ግዴታ ነው፤ በቂ ሰዎች ከተወጡት ከሌላው ላይ ይወርዳል፣ ማንም ካልተወጣው ሁሉም ይጠየቃል። ስለዚህ አንዲት ከተማ ሐኪም ከሌላት ሕክምና ለመማር የሚነሳ ወጣት የሚወጣው የሃይማኖት ግዴታ ነው፤ የሰው ችግር ያስነሳው መሆኑም ክብሩን ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም።

አል-ገዛሊ በዚያው ቦታ ላይ ምሬት አላቸው። ሙስሊም ሐኪም የሌለበት ከተማ ሞልቶ ሳለ ተማሪው ሁሉ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ላይ እንደሚረባረብ ይታዘባሉ። ምክንያቱን ሳያለዝቡ ያስቀምጡታል፦ ሕክምና የወቅፍ (ለበጎ ሥራ የተሰጠ) ንብረት አያሰጥም፣ የየቲም ገንዘብ ለማስተዳደር አያበቃም፣ ቃዲነት አያሾምም። በዘመናቸው ፊቅህ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ናቹራል ተቀምጧል። ስማቸው ተለዋወጠ እንጂ የሰውየው ልብ ያው ነው። አል-ገዛሊ የሚለዩት ፍቅርንና ችግርን ሳይሆን ችግርንና ማዕረግን ነው። ሰው ስለተቸገረ የተነሳ ፍላጎት ግዴታን የሰማ ፍላጎት ነው፤ ስለ ወንበሩ የተነሳው ግን ወንበሩ ወደ ሌላ ሙያ ሲዞር አብሮ ይዞራል። ለሁለተኛው ፍላጎት ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ምሕንድስና ያስከብር በነበረ ጊዜ ሁሉ መሐንዲስ ሊሆን ይሻ ነበር፤ ተመራቂው ሥራ ሲያጣ ወሬው ወደ ሕክምና፣ ከሕክምና ወደ ሶፍትዌር ተሸጋገረ።

በአማርኛ «ጥሪ» የሚለው ቃል ከሁሉ በፊት ምንኩስናንና ክህነትን ያስታውሳል። በአውሮፓ ቃሉን ወደ ጫማ ሰፊውና ወደ ገበሬው ያወረደው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማርቲን ሉተር ነው፤ በጀርመንኛም ሙያና ጥሪ በአንድ ቃል ይጠራሉ። የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ማክስ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1917 ሙኒክ ላይ ለተማሪዎች ስለ ሳይንስ ንግግር ያደረገው በዚሁ ድርብ ትርጉም ላይ ቆሞ ነው። መጀመሪያ ስለ ደመወዝና ስለ ሹመት፣ ዕድል እንዴት እንደሚገዛውም ነገራቸው፤ ከዚያም ውስጡ የማይነድ ሰው ለሳይንስ ጥሪ የለውምና ሌላ ሥራ ይፈልግ አለ። ቬበር ያለው ሐቅ አለው። ዓመታትን በአንዲት ጥያቄ ላይ የሚያሳልፍ ሰው ያለ ፍቅር አይዘልቅም። ሆኖም ይህን የተናገረው ዩኒቨርሲቲ ለገቡ ወጣቶች ነው። ከዚያ በፊት ያለውን፣ ፍቅሩ ገና ሊነሳ የሚችልበትን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አልነካም።

በቅዱሳት መጻሕፍት ደግሞ ለእጅ ሥራ የተጠራ ሰው አለ። በኦሪት ዘጸአት 31ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ይጠራዋል፤ መንፈሱንም ይሞላበታል። የመንፈሱ ሥራ ወርቅ፣ ብርና ናስ መሥራት፣ ድንጋይ መቅረጽ፣ እንጨት መጥረብ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመጻሕፍት ቁጥር የሚገባው መጽሐፈ ሲራክም 38ኛው ምዕራፍ ላይ ሐኪሙን አክብሩ ብሎ ይጀምርና፣ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ ፈጣሪ መሆኑን ተናግሮ፣ ወደ አራሹ፣ ወደ ቀጥቃጩና ወደ ሸክላ ሠሪው ይሻገራል። ቀጥቃጩ በእሳቱ ወላፈን ሥጋው ሲጠበስ፣ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን ሲያደነቁረው፣ ዓይኑ ከሚሠራው ዕቃ አምሳያ ሳይነቀል ይታያል። ሲራክ እነዚህ ሰዎች ለሸንጎ እንደማይፈለጉ አልሸሸገም፤ ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይቆም ግን ተናግሯል።

ይህ መጽሐፍ በሚነበብበት አገር ቀጥቃጩ ለዘመናት ጠይብ ተብሎ ተሰድቧል፣ ቡዳ ተብሎ ተፈርቷል፣ ሸክላ ሠሪዋም ከጎረቤት ተገልላ ኖራለች። የሚያርስበትን ማረሻ የሠራለትን ሰው ገበሬው በማዕዱ አያስቀምጠውም ነበር። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። ስድብ በአዋጅ ቢከለከልም ንቀቱ መልኩን ለውጦ ትምህርት ቤት ገብቷል። መሐንዲስ መሆን የሚሻ ተማሪ ብዙ ነው፤ ብየዳ መማር የሚሻ ግን ጥቂት። ቴክኒክና ሙያ የሚላከው ውጤት ያልመጣለት ልጅ ነው ተብሎ ይታመናል። ለሳይንስ ያለው ፍላጎት ከእጁ ተለይቶ ለማዕረጉ ብቻ ሲሆን፣ ኮምፒውተር ፈትቶ የማያውቅ የኮምፒውተር ምሩቅ፣ ሲሚንቶ ያላቦካ የግንባታ ምሩቅ ይወጣል። ይህን የምሩቁ ጥፋት ብቻ ማድረግ ግፍ ነው፤ ከአያቶቹ የወረሰው ነው።

ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ሌላ ለተማሪው የሚፈልግለት አካል መንግሥት ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ከመቶ 70ው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው በማኅበራዊና ሰብአዊ መስኮች እንዲሆኑ ወሰነ። «ሰባ ሠላሳ» ተባለ። አገር መሐንዲስና ሐኪም ያስፈልጋታል የሚለው መነሻው ከአል-ገዛሊ የጋራ ግዴታ አይርቅም። ልዩነቱ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ፈርድ ኪፋያ ለሕሊና የሚናገር ጥሪ ነው፤ ሰሚው ተነስቶ አለሁ ይላል። ኮታ ግን ቦታውን አስቀድሞ ቆርሶ ልጁን ይመድብበታል። ምደባ ሲወጣ ስሙን ያልመረጠው ክፍል ውስጥ የሚያገኝ ተማሪ አራትና አምስት ዓመት የሌላ ሰው ሕይወት ውስጥ ገብቶ እንደሚኖር ይሰማዋል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ስለ ትምህርቱ ጥራት ብዙ ተብሎበታል፤ ስለ ፍላጎትም የሚለው አለ። ከመቶው ወደ ዘጠና ሰባት የሚጠጉት የፈለጉትን ይዘው ከማለፊያው ነጥብ በታች ቀርተዋል፤ ያን ፍላጎት የሚቀበል ሌላ ደጃፍም አገሪቱ በበቂ አላዘጋጀችም።

ሳይንስን ስለ ሳይንስ የመፈለግ መነሻው «ለምን?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ይህም ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ባሕረ ሐሳብ የተባለውን የዘመን ስሌት ሲማር፣ ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመተ ዓለም ለ19 ያካፍላል፤ ከተረፈው አንድ ቀንሶ ወንበሩን ያገኛል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፍ አበቅቴው ይወጣል፤ በ19 አባዝቶ እንዲሁ ሲያደርግ መጥቅዑ። ለ2016 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7516 ነው፤ ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። ብዙ ተማሪ ይህን በቃሉ ይዞ ጾምና በዓል ያወጣበታል፤ ፈላጊው ተማሪ ግን ለምን ሠላሳ? ብሎ ይቆማል። 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሚሞሉ ነው። 11ስ ከየት መጣ? የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ስለሚያጥር። ስሌቱ የተጀመረው ፋሲካ መቼ እንደሚውል ማወቅ ግድ ስለሆነ ነው፤ ግዴታው የሰማይን አካሄድ አስተማረ።

ችግርና ጥያቄ አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ታይቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። የበሽታው ጥገኛ ትል በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ውኃው ውስጥ ይወጣና የሰው ቆዳ ይበሳል፤ ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መንገድ ይቋረጣል። ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። እርሳቸው ያስተዋሉት ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መብዛታቸውን ነው። በሕይወት ያሉትን በዕቃ አኑረው አንዷን አጣቢ ከእንዶዱ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚህ ተነስቶ ለዓመታት የዘለቀው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 እርሳቸውንና የሥራ ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስን «አማራጭ ኖቤል» ለሚባለው ሽልማት አብቅቷል። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ እናት ለልጇ ስታስተላልፍ ኖራለች፤ ውኃውንም ያላየ ሰው አልነበረም። አክሊሉን የለያቸው በሽታው የአገራቸው መሆኑም፣ ጥያቄውም አብረው በአንድ ሰው ውስጥ መገኘታቸው ነው። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወይ አዝነው ያልፉ ነበር፣ ወይ ሌላ ነገር ያጠኑ ነበር።

ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታም በልጅነታቸው እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግር ሄደው ሳምንቱን ተምረው ዓርብ ይመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ካስገኙላቸው ሥራዎች አንዱ በአቀንጭራ አረም ላይ ያደረጉት ነው። አቀንጭራ ዘሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ የማሽላው ሥር የሚለቀውን ኬሚካል እስኪያሸት ይጠብቃል፤ ሲደርሰው በቅሎ ሥሩን ይጠባል። ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ያን ምልክት እምብዛም የማይለቅ ማሽላ አዳቀሉ፤ ጠላቱ ሳይነቃ ይቀራል። ፍኖተ ሰላም የተወለዱት፣ ከገበሬ ቤት የወጡት ዶክተር ሰገነት ቀለሙም የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆነው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለዓመታት ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መርተዋል። ሁለቱም ወደ እርሻ ሳይንስ መግባታቸውን ከመሰላል ፍለጋ ጋር ብቻ አያይዞ መፍታት ያስቸግራል። ከገበሬ ቤት ለመሸሽ የሚፈልግ ልጅ ወደ እርሻ አይመለስም።

እስካሁን ፍላጎት ከምርጫ ይቀድማል ተብሎ ታስቧል። ሁልጊዜ እንዲያ አይሆንም። ቅጹ ላይ የጓደኛውን ምርጫ የገለበጠ፣ ወይም ምደባ ያልመረጠው ቦታ የወረወረው ተማሪ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ሙከራ እጁ ላይ ሲሳካ ልቡ ሊነሳ ይችላል። በአንጻሩ ከሕፃንነቱ «ዶክተር» ሲባል ያደገው ልጅ የመጀመሪያውን አስከሬን ሲያይ ፍላጎቱ የእናቱ እንደነበረ ሊገባው ይችላል። ስለዚህ የአሥራ ስድስት ዓመቷን ልጅ ምልክት እንደ ማኅተም መቁጠር ልክ አይደለም፤ መስክ ለመለወጥ በሩ ጠባብ በሆነበት ሥርዓት ውስጥ ግን ምልክቷ ማኅተም ሆና ትቀራለች። ፍትሕ የጎደለው እዚህ ላይ ነው።

የተጠራ ልጅ ጥሪውን ላያውቀው እንደሚችል መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በሦስተኛው ምዕራፍ ይተርካል። ብላቴናው ሳሙኤል ሌሊት ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ወደ ካህኑ ዔሊ ይሮጣል፤ የጠራው ዔሊ መስሎት ነው። ዔሊ አልጠራሁህም፣ ተመልሰህ ተኛ ይለዋል። ሁለተኛም ይሮጣል። ዔሊ ሸምግሏል፣ ዓይኑም ፈዟል፤ እርሱም ነገሩ የገባው በሦስተኛው ነው። ሲገባው ልጁን ለራሱ ሥራ አላስቀረውም፤ ደግሞ ቢጠራህ ምን እንደምትመልስ ልንገርህ ብሎ ወደ መኝታው መለሰው። ሳሙኤል ገና የእግዚአብሔርን ድምፅ አያውቅም ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል የሚገባው ልጅም ቅጹን ይዞ የሚሮጠው ወደሚያውቀው ድምፅ ነው፦ ወደ አባቱ፣ ወደ ጓደኛው፣ ወደ ሰፈሩ ወሬ። ቅጹ እጁ ላይ እያለ ተመልሰህ አድምጥ የሚለው የፊዚክስ ወይም የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ያ መምህር ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ልጅ ይዞ ያስተምራል።